እማዬ፣ 29 የእርጅና ቁጥር አይደለም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የላብራቶሪ ወረቀትሽ ፎቶ ደርሶኛል። አንቺ «ያው ደም ማነስ ነው፣ ድሮም አለብኝ» ብለሽ ዘጋሽው። በስልክ ሳነሳብሽ ወዲያው ወሬ ስለምትቀይሪ ነው የጻፍኩልሽ።

ሄማቶክሪት ከሚለው ጎን 29 ተጽፏል። ከደምሽ ውስጥ ቀይ ሴሎች የያዙት ድርሻ 29 በመቶ ነው ማለት ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ፕላዝማ የሚባለው ፈሳሽ ነው። ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ትንሽ ይለያያል እንጂ፣ ለሴት ከ36 እስከ 46፣ ለወንድ ከ41 እስከ 50 አካባቢ ይጠበቃል።

አለካኩን ብታዪው ትወጂው ነበር። ደሙ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይሳብና አንዱ ጫፍ ይደፈናል። ከዚያ ቱቦው በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል ይዞራል። ሲወጣ ደሙ ተለያይቷል። ከታች ቀዩ ተጠቅጥቆ፣ መሃል ላይ ነጭ ሴሎችና ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ጥቃቅን ቁርጥራጮች) ያሉባት ስስ መስመር፣ ከላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈሳሽ። ቀዩ ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ በማስመሪያ ይነበባል፣ በቃ። የአንቺን ግን ያወጣው ዘመናዊው ማሽን ነው። እሱ ሴሎቹን ይቆጥራል፣ መጠናቸውን ይለካል፣ ከዚያ ያሰላዋል።

እኔን ያሳሰበኝ ከሥሩ ያለው መስመር ነው። ኤምሲቪ 72 ይላል። የቀይ ሴሎችሽ አማካይ መጠን ነው፤ ከ80 እስከ 100 መሆን ነበረበት። ሴሎችሽ ጥቃቅን ሆነዋል ማለት ነው። ችግሩ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት ቢሆን ኖሮ ሴሉ ብዙውን ጊዜ ይተልቃል እንጂ አያንስም። ሴሉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአይረን፣ ማለትም የብረት ማዕድን፣ እጥረት ነው።

«ድሮም አለብኝ» የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። ድሮማ ምክንያት ነበረሽ። የወር አበባ ነበር፣ እርግዝና ነበር፣ ወሊድ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ከቀረ ስንት ዓመት ሆነው? ታዲያ አይረኑ የት ገባ? ሰውነታችን በአይረን ላይ ቋጣሪ ነው። ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ኖሮ ሲያረጅ አይረኑን ያወጣና ለአዲሱ ሴል መልሶ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ወይ የሚገባው በደንብ አልተመጠጠም፣ ወይ ደም የሚፈስበት ቦታ አለ። በአንቺ ዕድሜ ቀድሞ የሚፈተሸው ጨጓራና አንጀት ነው። ቁስለት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ የአንጀት ካንሰርም መጀመሪያ የሚታወቀው በደም ማነስ ብቻ ነው። ላስፈራራሽ ፈልጌ አይደለም፤ በጊዜ ከተገኘ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ነው።

ለጉልበትሽ የምትውጪው ማስታገሻስ? ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ምንም ሳያሳምሙሽ ጨጓራሽን ሊያደሙ ይችላሉ። አስፕሪን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አስፕሪኑን ሐኪም ለልብሽ ያዘዘልሽ ስለሆነ በራስሽ እንዳታቆሚ፣ ሐኪሙን ጠይቂው። ማስታገሻውን ግን ያለ ትእዛዝ መግዛቱን ተዪልኝ። ሰገራሽ ጠቁሮና የሚያጣብቅ ሆኖ ካየሽ ደግሞ እንዳታፍሪ፣ ያኑ ዕለት ተናገሪ።

«ብዙም አያመኝም» ትያለሽ። አምናለሁ። ደም ቀስ እያለ ሲያንስ ሰውነት ይለምደዋል፤ ልብ በፍጥነት እየመታ ያካክሳል። ደረጃ ላይ መሃል ቆም ብለሽ «ዕድሜ ነው» የምትይው ነገር ይኸው ይመስለኛል። ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ራስሽን ልትስቺ ከደረስሽ ግን ቀጠሮ የለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ባለፈው 33 ነበርኩ ብለሽ አትጽናኚ። ያን ጊዜ ተቅማጥ ይዞሽ ነበር። ፈሳሽ ከሰውነት ሲጎድል የቀዩ ድርሻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ እውነተኛው ቁጥር ያኔም ከ33 በታች ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሜ ደግሞ «የእኔ 53 ነው» እያለ ይጎርርብሻል አሉ። የሲጋራው ሥራ ነው በይልኝ! ከጭሱ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውነቱ ተጨማሪ ቀይ ሴል እያመረተ ነው፣ ወይም እኔ የምጠረጥረው ያንን ነው። ደም ሲወፍር የመርጋት አደጋ ይመጣል። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1997 እ.ኤ.አ. ሄማቶክሪቱ ከ50 በላይ የሆነ ወንድ እንዳይወዳደር የከለከለው በዶፒንግ (በተከለከለ አበረታች መድኃኒት) ጥርጣሬና ለተወዳዳሪዎቹ ጤና በማሰብ ነበር። መቅኒ ያለ ልክ ቀይ ሴል የሚያመርትበት በሽታም ስላለ እሱም ይመርመር። ለነገሩ ምክር ሲሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ጎረቤት የሰጠችሽን የአይረን ክኒን አትጀምሪው። መጀመሪያ ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ይሠራልሽ፤ የተጠራቀመውን አይረን የሚያሳየው እሱ ነው። ክኒኑ ቁጥሩን ከፍ ያደርገውና ትረሺዋለሽ፣ የሚደማው ግን መድማቱን አይተውም። ሰገራንም ስለሚያጠቁር ምልክቱን ያምታታል። ሐኪሙ ካዘዘልሽ በኋላ ደግሞ በሻይ ወይም በቡና አትዋጪው፣ አይረኑ እንዳይመጠጥ ይከለክላሉ።

ሐኪሙ ዘንድ እህቴ አብራሽ ትግባ። ብቻሽን ከገባሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንደምትወጪ ሁላችንም እናውቃለን። ፌሪቲኑን፣ የኩላሊት ምርመራውን፣ እንዲሁም ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ (ጨጓራንና አንጀትን ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ማየት) ያስፈልግ እንደሆነ እሷ ትጠይቅልሽ። ውጤቱ ሲወጣ ፎቶውን ላኪልኝ፤ እንደ ባለፈው ግማሹን ቆርጠሽ ሳይሆን ሙሉውን።

የሚወድሽ ልጅሽ