ማሂ፣ ያ ቁጥር እንቅልፍ ነስቶኛል

ማሂዬ፣ እንዴት ነሽ? ሁለት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልሽ አፍሬያለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ሠርግሽ በአካል መጥቼ አወራሻለሁ፤ በደብዳቤ የሚሆን አይደለም። አሁን ግን ጉዳይ ገጥሞኛል።

ከመቶ ልጅ ስንቱ ድሃ ቤት ውስጥ ያለና የቀነጨረ (ቁመቱ ለዕድሜው ያጠረ) ነው ተብዬ ተጠየቅሁ። ሁለቱን የ2008 ጥናቶች ታውቂያቸዋለሽ። የሥነ ሕዝብና ጤናው ጥናት የልጆችን ቁመት ለክቷል፤ ከ5 ዓመት በታች ካሉት 38 በመቶው ቀንጭረዋል። የገቢና ፍጆታው ጥናት የቤተሰብ ወጪ መዝግቧል፤ ከድህነት ወለል በታች ያለው ሕዝብ 23.5 በመቶ ነው። ቤቶቹ ግን የተለያዩ ናቸው። አንድ ቤት በአጋጣሚ ሁለቱም ውስጥ ቢኖር እንኳ ስም የለ፣ መለያ ቁጥር የለ፣ በምን ታገናኚዋለሽ?

እኔ በክልል፣ በቤተሰብ ብዛት፣ በጣሪያና በአባወራው ትምህርት የሚመሳሰሉትን አጣመርኩና የአንዱን ወጪ ለሌላው አዋስኩ። ቁጥር ወጣ። ላክሁት።

ማታ ሳስበው ላብ አጠመቀኝ። የሕዝቡ ድህነት ለልጆቹም ያው ነው ብንል፣ ከሁለቱ ቁጥሮች ብቻ መልሱ ከዜሮ እስከ 23.5 የትም ሊሆን ይችላል፤ ከድሃ ቤት ልጆች አንዱም ላይቀነጭር፣ ሁሉም ሊቀነጭሩ ይችላሉና። ድህነትና መቀንጨር ምንም አይገናኙም ካልሽ የ23.5ቱ 38 በመቶ፣ 9 ገደማ ነው። እኔ ያን ሰፊ ክፍተት የዘጋሁት በዳታ አይደለም፤ ጣሪያና ትምህርት ከተመሳሰሉ በኋላ ገንዘብና ቁመት አይተዋወቁም ብዬ በመገመት ነው። የተጠየቅሁት እኮ እሱኑ ነው! ናሙናው ሚሊዮን ቢሞላም ይህ ግምት አይፈተንም።

አብረን ቤት ለቤት ስንለካ፣ ያቺ መለኪያው ላይ አልቆምም ብላ እስክሪብቶሽን ይዛ የሮጠችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ስንት ለምነን ቁመቷን ጻፍን። ጓዳቸው ውስጥ ስንት ቁና ጤፍ እንደቀረ ግን መጠይቃችን አይጠይቅም ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪሽን የሠራሽበት የሶሽዮ ኢኮኖሚክ ጥናት ወጪንም ቁመትንም ከአንድ ቤት ነው የወሰደው። ናሙናው 5 ሺህ ቤት ገደማ ቢሆንም የሁለቱን ዝምድና ከእሱ ማየት እንችላለን። ዳታውን አገኘዋለሁ፤ የቸገረኝ የቁመቱን ሰንጠረዥ ያጸዳሽበት ኮድ ነው። አንቺ ደግሞ የአንደኛ ዓመት ደብተርሽን እንኳ ያልጣልሽ ሰው ነሽ፣ የለኝም እንዳትዪኝ!

ሐሙስ ስብሰባ አለ። የላክሁት ቁጥር ተሳስቷል ብዬ በቦታው ከዚህ እስከዚህ የሚል ላቀርብ ነው። ይቆጣሉ፣ ይቆጡ። ብቻ… ኮዱን ባታገኚውም ደውዪልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።