ባሌ ደሴ ነው እንጂ አልተፋታንም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ካናዳ የልጆች ድጎማ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። እኛ "ቻይልድ ታክስ" የምንለውን ማለቴ ነው። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ስንት እንደሚደርሰን በአማርኛ አስልቶ የሚነግረን ሰው ተገኘ ብዬ። ደስታዬ የቆየው ስለ እኔ ዓይነቶቹ የጻፋችኋት አንቀጽ ላይ እስክደርስ ነው።

ባለቤታቸው ኢትዮጵያ ያለ እናቶች ከ90 ቀን በላይ ለየብቻ ስለኖሩ ታክሳቸው ላይ "ሰፐሬትድ" (ተለያይተናል) ብለው መሙላት ይችላሉ፣ የባልም ገቢ አይቆጠርም ትላለች።

ኧረ በሕግ አምላክ! ይህን ማን ነገራችሁ?

የ90 ቀኑ ነገር እውነት አለ። ግን የሚሠራው ትዳሩ ስለፈረሰ ለየብቻ ለሚኖሩ ነው። ባል ለሥራ ሌላ አገር ቢሄድ፣ ሚስት ለትምህርት ብትሄድ፣ ወይም እንደኛ ስፖንሰር አድርገው ቪዛ ቢጠብቁ፣ ዓመትም ይሁን አምስት ዓመት ባለትዳር ናቸው። ኪሎ ሜትር አያፋታም። ቢያፋታማ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ስንቱን ትዳር አፍርሶ ነበር።

ገቢውም ይቆጠራል። ድጎማው የሚሰላው በቤተሰቡ የተጣራ ገቢ ነው። የሁለቱም፣ ባል የትም ይኑር የት። ካናዳ የማይኖር ባል ወይም ሚስት ያለው ሰው ሲቲቢ9 የሚባል ቅጽ አለለት። የባልን የዓመት ገቢ ወደ ካናዳ ዶላር መልሳችሁ ትሞላላችሁ። እሱ እስኪመጣ ድረስ በየዓመቱ። ዘጋቢያችሁ እንዳለው ገቢው የማይቆጠር ከሆነ መንግሥት ይህን ቅጽ ያዘጋጀው ለምንድን ነው? ሥራ ፈትቶ?

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። የሚያናድደውም እሱ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ታክሱ የእነሱ ነውና።

ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 ላለው ክፍያ ትልቁ መጠን ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በዓመት 7,997 ዶላር ነው። ከ6 እስከ 17 ላለ ደግሞ 6,748። እናንተ ርዕስ ያደረጋችኋት "በወር 666 ዶላር በልጅ" የመጣችው ከመጀመሪያው ቁጥር ነው። ያቺን ሙሉውን የሚያገኘው ግን በ2024 የቤተሰቡ የተጣራ ገቢ ከ37,487 ዶላር ያልበለጠ ነው። ከዚያ በላይ ይቀነሳል። ለአንድ ልጅ ከሚበልጠው ገቢ 7 በመቶ፣ ለሁለት ልጆች 13.5 በመቶ። ገቢው ከ81,222 ካለፈ ደግሞ መቀነሻው ይለወጣል፣ እሱ ለጊዜው እኔን አይመለከተኝም። (በነገራችን ላይ ርዕሳችሁ ደሴ ደርሷል። ዘመድ ሁሉ 666ን በሁለት እያባዛ ነው።)

ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አንዷ 4 አንዱ 9። የኔን የተጣራ ገቢ 44,000 እንያዘው። ሁለቱ ልጆች ሲደመሩ 14,745 ነው። ከ37,487 በላይ ያለው 6,513 ዶላር ነው፤ 13.5 በመቶው 879 ገደማ። ይቀነሳል። በወር 1,155 ይደርሰኛል ማለት ነው።

አሁን ባሌን እንጨምረው። አስተማሪ ነው። ከነትርፍ ሰዓቱ በወር 10,000 ብር ገደማ ያገኛል። የ2024 ገቢውን በ2,500 ዶላር እንያዘው። ብሩ በዓመቱ አጋማሽ ተለቅቆ ከወደቀ በኋላ ይህን መሙላቱንም እንጃ፣ ግን ለጋስ እንሁን። የቤተሰቡ ገቢ 46,500 ሆነ። በወር 1,127።

ልዩነቱ 28 ዶላር።

ዘጋቢያችሁ ትዳሬን አፍርሺ የሚለኝ በወር ለ28 ዶላር ነው። እሱም ቢሆን ቆይቶ ሲታይ ተመላሽ የሚጠየቅ 28 ዶላር።

እንደዚህ የምንጨረጨረው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እዚህ እንደመጣሁ ታክስ የሚሠራ ሰው ጋ ሄድኩ። ሐበሻ ነው፣ የራሳችን ሰው። ባለትዳር ነኝ፣ ባሌ ደሴ ነው አልኩት። "አይ እህቴ፣ እሱ እስኪመጣ ሰፐሬትድ ነሽ፣ እንደሱ ይሻልሻል" ብሎ ሞላው። ልክ እናንተ እንደጻፋችሁት። ከአንድ ጉድጓድ ነው የምትቀዱት መሰለኝ።

ቆይቶ የባሌ የስፖንሰር ፋይል ሲታይ ጥያቄ መጣ። አንዱ ወረቀት ባለትዳር ነኝ ይላል፣ ታክሱ ተለያይተናል ይላል፤ የቱ ነው እውነቱ? ጠያቂው አይፈረድበትም። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። የጋብቻ ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶ፣ የስልክ መዝገብ፣ የላክሁት ብር ደረሰኝ፣ ሁሉንም ስሰበስብ ከረምኩ። ትንሿ ልጄ እኮ ለጥምቀት ደሴ ሄጄ የተጸነሰች ናት! የተለያየ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ፋይሉ ቆመ። ድጎማው እንደገና ተሰልቶ የበለጠው ከወርሃዊው እየተቀነሰ ተከፈለ። ያ ሰውዬስ? ስልክ አያነሳም።

እናንተም ይህንኑ ምክር በትልቁ ጻፋችሁት። ሰውየው አንድ በአንድ ነበር የሚያጠፋው።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ዘጋቢያችሁ ያነጋገራቸው ሰዎች በሙሉ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ አካባቢ ያሉ ናቸው። ይገባኛል፣ ቡናው እዚያ ይጣፍጣል። እኔ የምኖረው ብሩክስ፣ አልበርታ ነው። ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ቢላ ይዘን የምንቆም ሐበሾች እዚህም አለን፣ ልጆችም አሉን። "ከዚህ ላይ የኦንታሪዮው ይጨመራል" ብላችሁ አለፋችሁ። ለእኛ ለሌላ ክፍለ ሀገር ሰዎች አይጨመርም። አልበርታ የራሷ የልጆችና የቤተሰብ ድጎማ አላት፣ በዓመት 4 ጊዜ ይከፈላል፣ ኦገስት፣ ኖቬምበር፣ ፌብሩዋሪና ሜይ ላይ። የተለየ ማመልከቻ የለውም፣ ታክስ ማስገባትና ለፌዴራሉ መመዝገብ ይበቃል። ይህን ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃ ነበር።

"ማንኛውም ወላጅ ያመልክት" ያላችሁትም ሰው ያስቸግራል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ወላጅ አያገኝም። ልጁ እዚህ ተወልዶ ካናዳዊ ቢሆን እንኳ። የሚታየው የወላጁ ወረቀት ነውና። ልክ ነው አልልም፣ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ጥያቄያቸው ተቀባይነት ሲያገኝ ግን አንድ ቀን ሳያድሩ አርሲ66 የሚባለውን የድጎማውን ማመልከቻ ይሙሉ። አዲስ ለመጣ ሰው አብሮት የሚሞላ የገቢ መግለጫ አለ፣ ካናዳ ሳይገባ በፊት ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል፣ ብሩንም ሪያሉንም። እናትና አባት አብረው የሚኖሩ ከሆነ እናት ትፈርም። አባት አመልካች ከሆነ ልጆቹን በዋናነት የሚያሳድገው እሱ ነው የሚል የእናት ደብዳቤ ይጠየቃል። ኢትዮጵያ ያሉ ልጆች መጥተው አብረው መኖር እስኪጀምሩ አይቆጠሩም።

ዘገባው አሁንም በየቴሌግራም ግሩፑ እየዞረ ነው። የብሩክስ እናቶች ግሩፕ ላይ የለጠፈችው ልጅ "አየሽ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል" ብላኛለች። ስለዚህ ማረሚያ በሚቀጥለው እትም ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል እንዳታወጡ። እዚያው ዘገባው ላይ፣ ከርዕሱ ሥር አድርጉት። የሲቲቢ9ን ስም ጻፉ። ባለትዳር የሆነ ባለትዳር ብሎ ይሙላ በሉ። ደግሞ ፍጠኑ፣ ታክስ ማስገቢያው ኤፕሪል 30 ነው፤ ከዚያ በኋላ ብታርሙት ሰዉ ሞልቶ ጨርሷል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ባለትዳር
ብሩክስ፣ አልበርታ