ደብዳቤ ለልጄ፦ ያላየሽውን አየሁ አትበይ

ውድ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ወንድምሽ ለገና ሲመጣ የደብተርሽን ገጾች በስልኩ አንሥቶ አሳየኝ፤ ከኮንዶሚኒየሙ ሰገነት የመስተዋቱ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር በሆነው ቴሌስኮፕሽ የፈረስ ራስ ኔቡላን፣ ያን በጠፈር ያለውን ደመና፣ አየሁ ብለሽ የጻፍሽውን ካነበብሁ ወዲህ ልቤ አላረፈም።

ልጄ፣ ያላየሽውን አየሁ ብለሽ አትጻፊ። ዋሸሽ ማለቴ አይደለም፤ ያታለለሽ ዓይንሽ ነው። የፈረስ ራስ ጥቁር የአቧራ ደመና ስለሆነ የሚለየው ከበስተኋላው ባለው እጅግ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ የአዲስ አበባ መብራት ይውጠዋል። በመንዝ ጨለማ ሰማይ እንኳ የሃይድሮጅን ቤታ ማጣሪያ፣ ያን የደመናውን ብርሃን አሳልፎ ሌላውን የሚከለክለውን መስታወት፣ ይዘው የሚፈትናቸው ብዙዎች ናቸው። ሲገኝም በዓይን አልተገኘም፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ዊልያሚና ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1888 የለየችው በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ በተነሣ የፎቶ ሳህን (ምስል የተቀረጸበት መስታወት) ላይ ነው። አንቺ ግን ፎቶውን ደጋግመሽ ስላየሽው አእምሮሽ የጎደለውን ይሞላልሻል። ስለዚህ ፎቶ ከማየትሽ በፊት የታየሽን ንደፊ። ትኩር ብለሽ ሳይሆን ዓይንሽን ከአጠገቡ አሳርፈሽ ፈልጊ፤ ደብዛዛ ብርሃን በደንብ የሚሰማው የዓይን ክፍል ከመሃሉ ውጭ ነውና። ቱቦውን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ነካ ስታደርጊው እውነተኛው ነገር ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። ካልጸናልሽ «አጠራጣሪ» ብለሽ ጻፊ፤ ነውር የለበትም።

በጥር ጨለማ ወደ መንዝ መሄድሽ ደስ አሰኝቶኛል። አያትሽ እዚያው ሊነጋጋ ሲል በደቡብ በኩል አንዲት ኮከብ እያሳዩኝ፣ «ይቺ እንደሌሎቹ አትጠራም፣ ጭጋግ ትመስላለች፤ ተምረህ ንገረኝ» ይሉኝ ነበር። ኦሜጋ ሴንታውሪ የምትባል የከዋክብት ክምችት መሆኗን፣ ሚሊዮኖች ከዋክብት የታጨቁባት መሆኗን ያወቅሁት እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። በቴሌስኮፕ ስመለከታት በጥቁር ጨርቅ ላይ እንደ ፈሰሰ ነጭ ጤፍ ሆና ባየኋት ቁጥር፣ አባቴ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ሳያዩዋት መቅረታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጭጋግ መሰለቻቸው፤ ጭጋግ ትመስላለች አሉ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም። አንቺም እንደርሳቸው ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፤ ያላየሽውን አየሁ አትበይ።

ጋቢና ወፍራም ካልሲ ያዢ፤ የመንዝ ውርጭ አይቻልም። ብቻሽን እንዳትወጪ፤ የአክስትሽ ልጅ አብሮሽ ይደር። ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታገሺ፣ ስልክሽንም አጥፊው። መስተዋቱ ጤዛ ቢይዝ በጨርቅ እንዳትጠርጊው፣ ይቧጨራል፤ እስኪደርቅ ጠብቂ። እናትሽ እንዳትጨነቅ እንደደረስሽ ደውዪላት።

አባትሽ