ሽንት ላይ የታየ ደም «ብርድ» አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ጋዜጣችሁ ስለ ኩላሊት ሲያነሳ ጠጠርንና እጥበትን እንጂ ካንሰሩን እምብዛም አይጠቅስም። አንባቢውም ጎኑን ባመመው ቁጥር «ብርድ መታኝ» ብሎ ዝንጅብል ያፈላል።

እኔን የሚያሳስበኝ የዚሁ ካንሰር ምልክት ሊሆን የሚችለው፣ ያለ ሕመም ከሽንት ጋር የሚወርድ ደም ነው። ሽንት አንድ ቀን ሥጋ የታጠበበት ውሃ መስሎ ይወርድና በማግስቱ ይጠራል፤ ሰውየውም «ተመስገን» ብሎ ይተወዋል። ደሙ ቆመ ማለት ግን ዕጢው ጠፋ ማለት አይደለም። የማይለቅ የጎን ሕመም፣ ክሳትና ሰበብ የሌለው ትኩሳት ከታከሉበትማ ቀጠሮ ማራዘም ምን ይባላል?

ጠጠርም ኢንፌክሽንም፣ በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ ብልሃርዝያም ደም ያሸናሉ። የሚለያቸው የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ነው፤ በተለይ ለካንሰሩ ይበልጥ የተጋለጠው የሚያጨስ ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሊመረመር ይገባል።

የሽንት ቧንቧና የኩላሊት ቀዶ ሐኪም አነጋግራችሁ አንድ ዓምድ ብትሰጡት?

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ