ከአንድ ዛፍ ብቻ ዘር አንልቀም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በየክረምቱ ስለ ችግኝ ተከላ የምታወጡትን ዘገባ እከታተላለሁ። ስንት እንደተተከለ ትነግሩናላችሁ፤ ዘሩ ከየት እንደመጣ ግን አንድም ቀን አላነበብኩም።

ነገሩ ያሳሰበኝ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በስተሰሜን፣ ጎዶሪያ የሚባለውን የማንግሮቭ ደን ካየሁ ወዲህ ነው። ዛፉ ባሕር ውስጥ ቆሞ ያድጋል። ሥሩ እንደ እርሳስ ከጭቃው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ይተነፍሳል። ቅጠሉን በጣቴ ጠርጌ ስቀምሰው ጨው ነው፤ በሥሩ የሳበውን ጨው በቅጠሉ ያስወጣዋል። ይህን ችሎታ ያገኘው በረጅም ዘመን የዘር ለውጥ ነው። ባሕሩ ከፍ ሲል፣ ሙቀቱ ሲበረታም መትረፊያው የዘር ስብጥር፣ ማለትም ዛፎቹ በውርስ ባሕርያቸው መለያየታቸው ነው፤ ከብዙ ዓይነት መካከል የሚችለው ይተርፋል። ደኑ ተቆርጦና በግመል ተግጦ ጥቂት ዛፍ ሲቀር ግን እርስ በርሱ ብቻ ይዳቀላል፤ ስብጥሩም ይሳሳል። ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚታይ ማንም ልብ አይለውም።

ወደ ድሬዳዋ ልምጣ። ባለፈው ክረምት ደቻቱ ወንዝ ዳር የተከልናቸው ግራሮች ዘራቸው የተለቀመው ከአንድ ዛፍ ሥር ነው። ለቀማው ላይ ስለነበርኩ አውቃለሁ። በ1998 ዓ.ም. ጎርፉ የወሰደብንን ወገን የምናስታውስ ሰዎች ያንን ዳርቻ በአንድ እናት ልጆች ብቻ ማስጠበቅ የለብንም። የችግኝ ጣቢያዎች ተራርቀው ከቆሙ ብዙ ዛፎች፣ በተለይም ድርቁን ከቻሉት፣ ዘር ይልቀሙ። እናንተም በሚቀጥለው ዘገባችሁ ይህንኑ ጠይቁልን።

አክባሪያችሁ
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ