የጓሮሽን እንግዳ ተዪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እዚህ ሜልበርን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የላክሽው የጓሮሽ እንግዳ ፎቶ ደርሶናል። እናትሽ «እባብ ነው!» ብላ ልትደውልልሽ ነበር። እባብ አይደለም፣ ብሉ ታንግ (ሰማያዊ ምላስ) የሚሉት እንሽላሊት ነው። እግሮቹ አጫጭር ስለሆኑ ሣር ውስጥ አይታዩም፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ለዚህ ነው። መርዝ የለውም። ብቻ በእጅሽ አትያዥው፣ መንጋጋው ኃይለኛ ነው።

ምላሱን ያወጣብሽ እሱ አንቺን ስለፈራ ነው። መጀመሪያ ሰውነቱን ይነፋል፣ እንደ እባብ ያፏጫል። ያ ካልሠራ አፉን በልቅጦ ያንን ሰማያዊ ምላስ ብቅ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት የሰሜን አውስትራሊያውን ዘመዱን ሲመረምር፣ ምላሱ ከጫፉ ይልቅ ወደ ጉሮሮው በኩል እንደሚደምቅ አገኘ። አልትራ ቫዮሌት ብርሃንም ያንጸባርቃል። እኛ ያንን ብርሃን አናይም፣ ብዙ ወፎች ግን ያያሉ። ሊነጥቀው የወረደ አሞራ ከአፍንጫው ሥር ድንገት እንዲህ ያለ ነገር ቦግ ሲልበት አስቢው!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቀንድ አውጣ ጎመኔን ጨረሰብኝ፣ መርዝ ልበትን ነው ብለሻል። እባክሽ እንዳታደርጊው። ይሄ እንሽላሊት ቀንድ አውጣ ይወዳል። ቅርፊቱን በሰፋፊ ጥርሶቹ ቀጭ አድርጎ ሰብሮ ሥጋውን ይውጣል። የተመረዘውን ከበላ ግን እሱም አብሮ ይሞታል። ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ አግኝተሽ ልትገድይው ነው እንዴ? ሣር ከማጨድሽ በፊትም ዞር ዞር ብለሽ እዪ፤ ማሽኑ ብዙዎቹን ይፈጃል። የጎረቤትሽ ውሻም ያሳስበኛል።

ሴት ከሆነች በበጋ ልትወልድ ትችላለች። እንቁላል አትጥልም፤ አሥር ያህል፣ አንዳንዴም እስከ 25 ልጅ ትወልዳለች። ልጆቹ እንደተወለዱ የመጡበትን እንግዴ ልጅ ይበላሉ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ እናታቸውን ትተው በየፊናቸው ይበተናሉ። አንቺ ግን ይኸው ቤት ተከራይተሽም ስለ ቀንድ አውጣ አባትሽን ትጠይቂያለሽ!

ከአዴሌድ ከተማ ወደ ሰሜን ቡራ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዚህ እንሽላሊት ድንክ ዘመድ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ስላልታየ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ1992 ቡራ አጠገብ መኪና የገጨው እባብ ሆዱ ቢከፈት አንዱ ውስጡ ተገኘ። ከዚያ በአካባቢው ሲፈለግ በሕይወት ያሉትም ተገኙ። የሚኖሩት ሸረሪት በቆፈረችው ጉድጓድ ነው። ጭንቅላታቸውን ብቅ አድርገው ፌንጣ ሲያልፍ ይጠብቃሉ። ለፋሲካ ስንመጣ በመኪና እንሄዳለን፣ እናትሽን የማሳምነው እኔ ነኝ።

አባትሽ