ለደንበኞቻችን፦ በነፃ ያወረዳችሁት የሩሲያኛ ፎንት ለሥራችሁ ይሆን እንደሆነ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እዚህ እስራኤል አገር ወረቀት ስታሳትሙ ብዙ ጊዜ በሦስት ቋንቋ ነው፤ በዕብራይስጥ፣ በአማርኛና በሩሲያኛ። የቁፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) የክትባት ማስታወቂያ፣ የአሙታ (የበጎ አድራጎት ማኅበር) የስብሰባ ጥሪ፣ የሕንፃ ነዋሪዎች ማሳሰቢያ ሁሉም እንዲሁ ነው። ዕብራይስጡንና አማርኛውን ራሳችሁ አንብባችሁ ታርማላችሁ። ሩሲያኛው ግን ከተርጓሚ እንደ መጣ ይገባል፤ ፎንቱም ከኢንተርኔት በነፃ ከሚወርዱት መካከል «ሩሲያኛ የሚመስለው» ይመረጥለታል። ስሕተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እናንተ ባታዩትም ወረቀቱ የተጻፈላቸው አዛውንት በመጀመሪያው መስመር ያዩታል። ፋይል ከመላካችሁ በፊት ምን እንድታዩልን እንደምንፈልግና አንዳንዱን ፎንት ለምን እንደማንቀበል ከዚህ በታች ጽፈናል።

በነፃ ፎንት መደብሮች ውስጥ «የሩሲያ ዓይነት» ተብለው አንድ ላይ የተከማቹት ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። አንዱ ሩሲያኛ የሚጻፍበት እውነተኛ የሲሪሊክ ፎንት ነው። ሌላው የእንግሊዝኛ ፎንት ሆኖ የሩሲያ መልክ የተቀባ ነው። በ«አር» ቦታ ወደ ኋላ የዞረ አር ያስገባል፤ በ«ኤን» ቦታ የተገለበጠ ኤን፤ በ«ኤ» ቦታ ሁለት እግር ያላት ቤት የምትመስል ፊደል፤ በ«ደብልዩ» ቦታ ባለ ሦስት ጣት ሹካ። ሩሲያኛ ለማያነብ ያምራል። ለሚያነብ ግን የዞረው አር «ያ» ነው፣ የተገለበጠው ኤን «ኢ»፣ ቤቷ «ድ»፣ ሹካው «ሽ» ነው። በእንግሊዝኛ «ባር» የሚለው ቃል በዚህ ፎንት ሲጻፍ ሩሲያዊው «ቭድያ» ብሎ ያነበዋል። የእንግሊዝኛውን «አውት» አንድ ሰው የፊደላችንን መልክ ብቻ አይቶ «ዐሀፐ» ብሎ በር ላይ ቢለጥፍላችሁ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡት። ሩሲያኛ አንባቢ በሚያየው በማንኛውም ሥራ ላይ እንዲህ ያለውን ፎንት አንጠቀምም።

እውነተኛ የሲሪሊክ ፎንት ሆኖም ጎደሎ ሊሆን ይችላል። የዛሬው የሩሲያኛ ፊደል 33 ነው። 32ቱ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ዝርዝር ላይ፣ ከ0410 ጀምሮ ተራ በተራ ተሰልፈዋል። ሁለት ነጥብ በራሷ ላይ ያላት «ዮ» ብቻ ከሰልፉ ውጭ ናት፤ ትልቋ 0401፣ ትንሿ 0451 ላይ። ችኩል ፎንት ሠሪ ሰልፉን ይሞላና እሷን ይረሳታል። ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር ባያያዝነው የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ሩሲያውያን ፎንት የሚፈትኑበትን ዓረፍተ ነገር አስገብተናል። ትርጉሙ «ከእነዚህ ለስላሳ የፈረንሳይ ዳቦዎች ጨምረህ ብላ፣ ሻይም ጠጣ» ማለት ነው፤ 33ቱም ፊደላት በውስጡ አሉ። ወደ ዲዛይናችሁ ቅዱት፣ ፎንቱን ምረጡለት፣ መጠኑን 24 ነጥብ አድርጉት። ከዚያ በሙሉ ወደ ትልልቅ ፊደላት ቀይራችሁ እንደገና እዩት፤ ትንንሾቹ ተሟልተው ትልልቆቹ የሚጎድሉበት ፎንት አለ።

ባዶ ሣጥን ከታየ ፊደሉ የለም ማለት ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው እንደ ወርድ ያሉ ፕሮግራሞች የጎደለውን ፊደል ሳይነግሯችሁ ከሌላ ፎንት ሲበደሩ ነው። ያን ጊዜ ሣጥን አይታይም፤ በቃሉ መካከል አንዲት ፊደል ብቻ ቀጠን ወይም ወፈር ብላ ትቆማለች። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ መስመሩን ከሩቅ ስታዩት ትለያለች። በተጨማሪ የቁጥር ምልክቷን (№)፣ የሸቀልን ምልክትና ትእምርተ ጥቅሱን ፈትኑ። ሩሲያኛም እንደ አማርኛ « » ይጠቀማልና ከዕብራይስጡ ጥቅስ ጋር አታደባልቁት። ጽሑፉ ዩክሬንኛ ከሆነ ደግሞ በሩሲያኛ የሌሉ አራት ፊደላት ያስፈልጋሉ፤ ከአራቱ ቶሎ የምትጎድለው ጫፏ ወደ ላይ የታጠፈችው «ግ» ናት።

በ1990ዎቹ የተሠሩና እስከ ዛሬ በነፃ የሚዞሩ ፎንቶች ሌላ ችግር አለባቸው። እነዚህ ሲሪሊኩን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩትን የአማርኛ ፎንቶች የምታስታውሱ ወዲያው ይገባችኋል፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ጉድ ይሆናል። የተርጓሚውን ጽሑፍ ብትለጥፉበትም አይቀበልም፤ ፊደል በፊደል እንደገና መተየብ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፎንት አንቀበልም። በተቃራኒው ፎንቱ ደህና ሆኖ ከተርጓሚ የመጣው ፋይል ራሱ ሰረዝና ነጠብጣብ በተደረደረባቸው የላቲን ፊደላት ተሞልቶ ከታየ አትጣሉት። በአብዛኛው ዊንዶውስ 1251 በሚባለው በቀድሞው የሲሪሊክ ኮድ የተጻፈ ነው። ፋይሉን ስትከፍቱ ኮዱን «ሲሪሊክ ዊንዶውስ» አድርጉት፤ ሲስተካከል የዩኒኮድ በሆነው በዩቲኤፍ 8 ኮድ አስቀምጡት።

አንድ ሌላ የተደበቀ ስሕተት አለ። ሲሪሊክም ላቲንም ከግሪክ ስለ ወጡ አሥር ያህል ትልልቅ ፊደላት በመልክ አንድ ናቸው፤ በኮድ ግን ለየብቻ። ተርጓሚው ኪቦርዱን ሳይቀይር አንዷን ፊደል በእንግሊዝኛ ከመታት በዓይን አትታወቅም፤ ፎንቱ ሲቀየር ግን ብቻዋን ትለያለች። የሩሲያኛ ፊደል አራሚ ትክክል በሚመስል ቃል ላይ ቀይ መስመር ካሰመረ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።

ስለ ፈቃድ። «ነፃ» ማለት ሁልጊዜ «ለሥራ ነፃ» ማለት አይደለም። ብዙ ፎንቶች ለግል መጠቀሚያ ብቻ የተፈቀዱ ናቸው፤ የሱቅ ሜኑ ወይም የአሙታ በራሪ ወረቀት የግል አይደለም። እኛ የምንመርጠው ኦ.ኤፍ.ኤል. በሚባለው ክፍት ፈቃድ የወጣውን ነው። በዚህ ፈቃድ ለንግድ ሥራ ማተም፣ ፒዲኤፍ ውስጥ ማስገባት፣ ለሌላ ሰው መስጠትም ይቻላል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን አይቻልም። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት አቢሲኒካ ሲልም በዚሁ ፈቃድ የወጣ ነው። በወረደው ዚፕ ውስጥ የፈቃዱ ጽሑፍ ይገኛል፤ አትሰርዙት፣ ከፎንቱ ጋር ላኩልን።

አሁን የትኛውን እንደምንመክር። ለሚነበብ ጽሑፍ ሁሉ የመጀመሪያ ምርጫችን ፒቲ ሳንስና ፒቲ ሴሪፍ ናቸው። ሞስኮ ያለው የፓራታይፕ ድርጅት በመንግሥት ድጋፍ የሠራቸው ሲሆን፣ የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ከ1708 እስከ 1710 ያስወጣውን የሕትመት ፊደል 300ኛ ዓመት ለማሰብ ነው። ፒቲ ሳንስ በ2009፣ ፒቲ ሴሪፍ በ2010 ወጡ። ፒቲ ሳንስ ስምንት ዓይነት አለው። ከእነሱ ሁለቱ «ካፕሽን» የሚባሉት ለደቃቅ ጽሑፍ ተብለው ሰፋ ተደርገው የተቀረጹ ናቸው፤ የመድኃኒት ማሳሰቢያ በ6 ወይም በ7 ነጥብ ሲገባ እነሱን ተጠቀሙ። «ናሮው» የሚባሉት ሁለቱ ደግሞ ለጠባብ ቦታ ናቸው። ይህን የምናነሣው ሩሲያኛ ከዕብራይስጥ ብዙ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። በዕብራይስጡ ልክ የተሠራ ዓምድ ውስጥ ሩሲያኛው አልገባ ሲል ፊደሉን በጎን ጨምቆ ማስገባት የተለመደ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ቋሚው መስመር ይቀጥናል፣ አግዳሚው እንደ ነበረ ይቀራል፣ ጽሑፉም የታመመ ይመስላል። ናሮው ተጠቀሙ፣ ወይም ከመጀመሪያው ለሩሲያኛው ሲሶ ያህል ተጨማሪ ቦታ ተዉለት።

ዕብራይስጡና ሩሲያኛው የአንድ ቤት ልጆች እንዲመስሉ ከፈለጋችሁ ሩቢክ ሁለቱንም በአንድ ፎንት ይዟል፤ ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይስማማዋል። ሄቦና አሲስታንት ለዕብራይስጥ በጣም ደህና ናቸው፤ ሲሪሊክ ግን የላቸውም። የነጥብ ቁጥሩን ለሦስቱም አንድ ማድረግ መልካቸውን አንድ አያደርገውም። የእኛ ፊደል ትንሽና ትልቅ የለውም፤ የሩሲያኛ ትንንሽ ፊደላት ደግሞ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ሦስቱን መስመሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ቁመታቸው ለዓይን እስኪተካከል አንዱን በግማሽ ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ።

የሩሲያ መዓዛ ያለው ርእስ ስትፈልጉ ከየትኛው ዘመን እንደሆነ ወስኑ። የጥንቱን የብራና ጽሑፍ መልክ ሩስላን ዲስፕሌይ ይሰጣል። ለምግብ ቤት ስምና ለሽፋን ያምራል፤ እነሱም እንደ እኛ ብራናዎች ርእሱን በቀይ ይጽፉ ስለ ነበር ቀይ ቀለም ይስማማዋል። ለአንቀጽ ግን አይሆንም። ቤተ ክርስቲያናዊ የስላቭ ጽሑፍ ከነምልክቶቹ የሚያስፈልገው ሰው ፖኖማርን ይጠቀም። ከአብዮቱ በፊት የነበረውን የመጽሐፍ መልክ ኦልድ ስታንዳርድ ይሰጣል፤ በ1918 የፊደል ማሻሻያ የተወገዱት ፊደላትም አሉት። «አሮጌ እንዲመስል» ብሎ በየቃሉ መጨረሻ ጠንካራ ምልክት የሚባለውን ፊደል መጨመር ግን ስሕተት ነው፤ የሚጻፈው በተነባቢ በሚያልቅ ቃል ላይ ብቻ ነው።

የ1920ዎቹን የሶቪየት ፖስተር መልክ ብዙ ሰው ይወደዋል። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ሮድቼንኮና ሊሲትስኪ የሠሯቸው ፊደላት በማስመሪያና በኮምፓስ በእጅ የተሳሉ ነበሩ፤ ዛሬ ሩሶ ዋንና ስታሊኒስት ዋን ወደዚያ መልክ ያደላሉ። ሩሶ ዋን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። «ቦልድ» ብትጫኑ ፕሮግራሙ ዙሪያውን በማወፈር የሐሰት ቦልድ ይሠራል፤ የፊደላቱ ቀዳዳም ይደፈናል። ከዚህ በላይ ግን የምናሳስበው ሌላ ነው። በደርግ ዘመን የነበረውን ቀይ የመፈክር ሰሌዳ ያየ ሰው ያ ፊደል ሲመለስበት ምን እንደሚያስታውስ ታውቃላችሁ። ከሶቪየት ኅብረት ከመጡት አዛውንት መካከልም በዚያ ዘመን ቤተሰባቸው የተጎዳባቸው ብዙ ናቸው። ለወጣቶች የሙዚቃ ምሽት ይሁን፤ ለአረጋውያን ክበብ ጥሪ አይሁን።

ማረሚያ (ከመታተሙ በፊት አይታችሁ የምታርሙትን ናሙና) ስንልክላችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፤ «በሰያፉ ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዝኛ ኤም ገብቷል» የሚል። ስሕተት አይደለም። በእውነተኛ ሰያፍ ሲሪሊክ «ት» የእንግሊዝኛ ትንሿን ኤም ትመስላለች፣ «ፕ» ኤንን፣ «ኢ» ዩን፣ «ድ» ብዙ ጊዜ ጂን። እንዲያውም እነዚህ ካልተለወጡ ነው መጠርጠር፤ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ፊደል አዘንብሎታል ማለት ነውና።

ከቪኒል (ከሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) ተቆርጦ መስታወት ላይ ለሚለጠፍ ጽሑፍ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጽ» የምትለዋና «ሽች» የምትለዋ ፊደላት በቀኝ እግራቸው ሥር ትንሽ ጭራ አላቸው። ጭራዋ ከቀጠነች ትርፉ ሲነቀል አብራ ትነሣለች፤ ያን ጊዜ «ሽች» የነበረው «ሽ» ይሆናል፣ ቃሉም ይለወጣል። የ«ዮ» ሁለት ነጥቦችና የአጭሯ «ይ» ቆብ ለብቻቸው የተቆረጡ ናቸው። ወፍራም «እ» የምንላት ደግሞ ሁለት ቁራጭ ናት፤ በግራ ሆዷ የተነፋ፣ በቀኝ ለብቻዋ የቆመች ዘንግ። ዘንጓ ከጠፋች የቀረው ሌላ ፊደል ነው። ስለዚህ ለቪኒል የፊደሉ ቁመት ከ2 ሴንቲ ሜትር፣ የጭራው ውፍረት ከ1.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ እናደርጋለን። ጽሑፉንም ከማስተላለፊያው ወረቀት ሳይለይ ፎቶ አንሥተን እንልክላችኋለን።

ራሳችሁ ገጽ የምታዘጋጁ ከሆነ የሩሲያኛውን አንቀጽ መርጣችሁ የቋንቋ ምርጫውን ሩሲያኛ አድርጉት። አለዚያ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ደንብ ይቆረጣሉ። በሩሲያኛ አንዲት ፊደል ብቻ በመስመር ጫፍ አትተውም፤ ለስላሳና ጠንካራ ምልክት የሚባሉት ፊደላት እንዲሁም አጭሯ «ይ» ከፊታቸው ካለው ፊደል አይለዩም። ባለ አንድ ፊደል መስተዋድዶችንም ከሚቀጥለው ቃል ጋር በማይሰበር ክፍተት እሰሩ።

ፋይሉን ስትልኩ ፒዲኤፉን፣ የዲዛይኑን ዋና ፋይል፣ ፎንቱን ከነፈቃዱና የሩሲያኛውን ጽሑፍ በተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ። የወረደው ዚፕ «ስታቲክ» የሚል ፎልደር ካለው ከእሱ ውስጥ ያሉትን ላኩልን፤ ውፍረቱ የሚለዋወጠው ፎንት በአንዳንድ ማተሚያ ላይ ውፍረቱን ይስታል። ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ብቻ አትላኩ፤ ስሕተት ቢገኝ ማረም አንችልም። ፎንቱ ጎደሎ ሆኖ ካገኘነው ሩሲያኛውን በፒቲ ሳንስ አስገብተን ማረሚያውን እንልክላችኋለን። ሩሲያኛ የሚያነብ ሰው አይቶ እስኪፈርምበት ድረስ ማተም አንጀምርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የማተሚያ ቤቱ የግራፊክስ ክፍል